የደረጃው ኮቴ

ጫማ የሰቀለ ተጫዋች ሩጫውን ለተተኪው ያስረክባል፤ የክለቡ ሕግ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በቀኝ ክንፍ የሮጥኩትን ሩጫ ሐኪሞች በአንድ ጠዋት ከእግሬ አውጥተው ለተተኪዬ ለናሆም አስገቡለት። አሁን ከሶፋ ስነሳ የትኛው እግሬ እንደሚቀድም ማሰብ አለብኝ።

እሁድ ናሆም እንደ በሽተኛ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ መጣ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ልክ እንደ ድሮዬ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ ሰማሁት።

ባለቤቴ ስምረት ከኩሽና፣ «በዛብህ፣ መጣህ እንዴ?» አለች።

«የት ሄጄ? እዚሁ ነኝ» አልኳት።

ልጃችን ሶልያና ግን «አባዬ» እያለች ሮጣ በሩን ከፈተችና የናሆም እግር ላይ ተጠመጠመች። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ዞራ እኔን አየችኝ።

አልለቀቀችውም።