ትርሐስ ገናን ትዋል

ዙፋን መተማ ዮሐንስ ውስጥ ገና በደረሰ ቁጥር የማትተወው ሥራ አላት። የሌላቸውን ቤቶች ታስፈስካለች። ከአንዱ ቅቤ፣ ከአንዱ ዱቄት፣ ካለው ዶሮ ትለምንና በየጓዳው ታደርሳለች። «ለራሴ ቢሆን ምላሴ ይተሳሰር ነበር» ትላለች። ለሰው ሲሆን ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ባለትራክተሩን እንኳ መንገድ ላይ ታስቆመዋለች።

ዘንድሮ ለልመናው ሳትወጣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረማርያም ጎረቤቷን አገኘሽን አስከትለው መጡ። ደጅ ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ! ምነው እንደ ግብር ሰብሳቢ ደጅ ቆማችሁ?»

ገቡ። ጋሽ ገብረማርያም ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ከአብደራፊ ተደውሎ ነበር» አሉ። «ማሽላ ሊወቁ ከወረዱት ልጆቻችን... ትራክተር ተገልብጦ...»

ከዚያ መንደር የወረዱት ሁለት ናቸው። አንዱ የዙፋን ልጅ ኪዳን፣ ሌላው የትርሐስ ልጅ ደረበ። ደረበ ትራክተር ላይ ሲወጣ ፈረስ የጋለበ ይመስለዋል። ኪዳን ደግሞ መሬቱን እያየ የሚረግጥ፣ እርጋታ ያደለው ልጅ ነው።

«ወይኔ ደረበ!» አለች ዙፋን፣ ሽማግሌው ሳይጨርሱ። «ስንቴ መከርሁት! ወይኔ ትርሐስ! ባሏ ሱዳን እንደወጣ ቀረ፤ ያላት እሱ ብቻ!»

አገኘሽ አፏን ከፈተች። ጋሽ ገብረማርያም ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ተቀበረ?» አለች ዙፋን።

«እዚያው ተቀበረ። ሙቀቱ አያቆይም።»

«እናቱስ ሰማች?»

«አልሰማችም» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ዙፋን ቀና ብላ ተቀመጠች። «እንግዲያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። መርዶ በበዓል አይነገርም። ትርሐስ ገናን ትዋል። ትብላ፣ ትጠጣ፣ ወጉ ይድረሳት። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እድሩ ሁሉ ሆነን እናረዳታለን።»

ሽማግሌው ቆባቸውን ደፉ። «አንቺ ካልሽ፣ እናትዮዋ ገናን ትዋል» አሉ። ሲወጡ አገኘሽ ከደጅ ተመልሳ ዙፋንን አቀፈቻት።

ከዚያ ወዲያ ዙፋን ደነዘዘች። አላለቀሰችም። እግሯ ይሄዳል፣ አፏ ይለምናል፣ ልቧ የለም። ለኪዳን ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ‹ጓደኛውን ቀብሮ በምን አንደበቱ ያነሣል› አለች።

ባለሱቁ ሷሊህ ዘንድ ሄደች። ሌላ ጊዜ አንድ ኪሎ ስኳር ለመስጠት «ወላሂ፣ ከሰርሁ» እያለ የሚምል ሰውዬ ነው።

«ለትርሐስ ነው። ዘንድሮ በዛ ይበልላት።»

ሷሊህ ስኳሩን ከነጆንያው አወጣ። «ውሰጂው፣ ያ ሀጃ» አላት፣ እናቴ እንደማለት። ፊቷን አላየም።

‹ይሄም ሰምቷል› አለች በሆዷ።

ለኪዳን መምጫ ያሰረችው ሙክት ነበራት። እሱንም ፈትታ እየጎተተች ወሰደችው። ትርሐስ የሰው ልብስ እያጠበች አገኘቻት።

«ይሄ የኪዳን አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ኪዳን ለጥምቀት ሌላ አያጣም። ይልቅ አንቺ ብዪ! ከስተሽ ከልብሱ ገመድ ጋር ልትምታቺብኝ ነው።»

ልታስቃት ብላ ነው። ትርሐስ አልሳቀችም። በሳሙና እጇ የዙፋን እግር ላይ ወደቀች።

«አልችልም፣ እትዬ። ይሄንስ አልቀበልም።»

‹አይ እናት! ሆዷ ነግሯታል› አለች ዙፋን። ደግፋ አነሣቻት። «ስለኔ ብለሽ» አለቻት። ትርሐስ ገመዱን ተቀበለች።

የገና ለት ዙፋን እዚያው ዋለች። ሙክቱ ታረደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እሷ ትርሐስን ታጎርሳለች፤ ትርሐስ መልሳ እሷን ታጎርሳለች።

«ይብሉ፣ እትዬ። ጠግበው ይብሉ።»

አገኘሽም አጎረሰቻት። ጋሽ ገብረማርያም ሳይቀሩ ተነሥተው አጎረሷት። ዙፋን ጣዕሙን አላወቀችውም። ዝም ብላ ዋጠች። የትርሐስን ፊት እያየች ‹አንድ ሌሊት ቀረሽ፣ እህቴ› ትላለች። መሸ። ማንም ቀድሞ መሄድ አልፈለገም፤ እሷ ስትነሣ ሁሉም ተነሣ፣ እስከ ደጇ ሸኟት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከሏን ለበሰች፣ መቀነቷን አጠበቀች። ጋሽ ገብረማርያም ቤት ነበር የሚገናኙት። በሩን ከፈተች።

እድርተኛው ሁሉ እደጇ ቆሟል። ድንኳኑንም ተሸክመውታል።

«ምነው ወዲህ መጣችሁ? ልመጣ አልነበር?» አለች።

ከፊት ትርሐስ ነበረች፤ ከጎኗ ደረበ።