እርጥብ ባንዲራ

“ፔድሬይራ፦ አሥር!”

ግቢው በጩኸት ይናወጣል። ከበሮ መቺዎቹ የቆርቆሮውን አጥር ይደበድባሉ፤ ጥቁር ባቄላ የጣዱት ሴቶች ጭልፋቸውን እንደያዙ ይዘላሉ። እኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ አልነቃነቅም። የአንድ ዳኛ ነጥብ ተነበበ፤ የሁለት ይቀራል።

ሰፈሮች በጭፈራ የሚወዳደሩበት ካርኒቫል አልፎ የዳኞቹ ፖስታ የሚከፈትበት ረቡዕ ነው። የከበሮው፣ የዘፈኑ፣ የአልባሳቱ ነጥብ ሁሉ ተነብቦ አልቆ የቀረው የባንዲራው ብቻ ነው። ከሰፈራችን ከፔድሬይራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰው ጨፍሯል፤ በዚህ ነጥብ የሚመዘነው ግን ሁለት ሰው ነው፤ ባንዲራውን ይዤ የምሽከረከረው እኔ ጁሬማና በዙሪያዬ እየጨፈረ የሚያጅበኝ ጫማ ሰፊው ኦስኒ። ሦስቱም ዳኞች አሥር ከሰጡን የጭፈራ ማኅበራችን ወደ ታላላቆቹ ምድብ ያድጋል። አንዱ ካጎደለ ተቀናቃኞቻችን ያድጋሉ፣ እኔም ባንዲራውን አስረክባለሁ።

ቃሉን የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ነሐሴ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዳርሲ ቢሮው አስጠርቶኝ፣ “እትዬ ጁሬማ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው። ሕዝቡ ወጣት ማየት ይፈልጋል” አለኝ።

“ሕዝቡ ነው ወይስ አንተ?” አልኩት። “ከሦስቱ አንዱ ከአሥር ካነሰ የባንዲራውን ዘንግ በገዛ እጄ ለታይናራ እሰጣለሁ። ካላነሰ ግን የእኔን ዕድሜ ሁለተኛ እንዳትቆጥር!”

ታይናራን ያሠለጠንኳት እኔው ነኝ። አሁን አጠገቤ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። “አሥር ነው፣ እትዬ። እኔ ልሙት አሥር ነው” ትለኛለች። ነጥቡ ቢጎድል የምትጠቀመው እሷ ናት፤ እጄን ግን እስኪያመኝ ጨብጣዋለች።

ቀጣዩ ፖስታ እስኪከፈት ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ተንታኝ፣ “የእነዚህ ሰዎች ስሜት በደማቸው ውስጥ ያለ ነው። አይማሩትም፤ ይወለዱበታል” ይላል።

“በደማቸው?” እጮህበታለሁ። “ና ጉልበቴን እይ! አሥራ አንድ ወር ሙሉ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር እየዋልኩ ማታ ሠላሳ ኪሎ ቀሚስ ተሸክሜ ስሽከረከር ደሜ ብቻውን ነበር የሚሽከረከረው?”

“ተይው ባክሽ፣ አይሰማሽም” ይላል ኦስኒ።

“ባይሰማም ይነገረው!”

“ፔድሬይራ፦ አሥር!”

በዚህኛው አጥሩን የሚመታ የለም። ሦስተኛው ዳኛ ፊት የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

የባንዲራ ሕግ አንድ ነው፤ ጨርቁ በዘንጉ ላይ መጠቅለል የለበትም። በካርኒቫሉ ሰልፍ ዕለት ዝናቡ ከመግቢያው በር ጀምሮ ሲወርድብን ጨርቁ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደ። ሦስተኛው ዳኛ ፊት ስደርስ ነፋስ ከጎን መጣ፤ ጨርቁ ታጥፎ ወደ ዘንጉ ገሰገሰ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ የስድሳ ሦስት ዓመቱ ኦስኒ በእርጥቡ አስፋልት ላይ በጉልበቱ ተንሸራቶ መጣ፤ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቱ ከአየር ላይ ቀለበና ሳመው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀልኝ። ከኋላችን ዳርሲ፣ “አበቃልን፣ አሮጊቷ ጉድ ሠራችን” ሲል ሰማሁት። ያን አጨፋፈር ተለማምደነው አናውቅም። ወይም አብረን በጨፈርንበት ሃያ ሁለት ዓመት ሁሉ ስንለማመደው ነበር። ዳኛው ግን የቱን እንዳየ ማን ያውቃል? መሰናከል ወይስ ጭፈራ?

በቴሌቪዥኑ ላይ ነጥብ አንባቢው የመጨረሻውን ፖስታ ይቀድዳል። ወረቀቱን ያወጣና ጉሮሮውን ይጠርጋል።

“ይኼ ሰውዬ ሊገድለን ነው!” ትላለች ከባለ ጭልፋዎቹ አንዷ።

“ፔድሬይራ፦...”

የታይናራ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ይገባል።

“...አሥር!”

ድምፁን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል፤ የሰማሁት የድስቱን ክዳን መሬት ላይ ሲንከባለል ነው። ከዚያ በኋላ መላው ግቢ አንድ ጉሮሮ ሆነ። ኦስኒ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። “ጉልበቴ እኮ እስካሁን አልዳነም!” ይላል ከባርኔጣው ሥር፣ እያለቀሰ፣ እየሳቀ።

ታይናራ ባንዲራውን ከቢሮ ይዛልኝ እየሮጠች ትመጣለች። በሰማያዊ ብልጭልጭ ያጌጠው ስፌቱ ከሰልፉ ዕለት ጀምሮ አልደረቀም። ዘንጉን ተቀብዬ አንድ ዙር ስሽከረከር ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ይከፈታል። ባንዲራ ሲቀርብልህ ጎንበስ ብለህ ጫፉን ትስማለህ፤ በወጉ መጀመሪያ የሚስመው ሊቀመንበሩ ነው። ዳርሲ ሰውን እየገፋ ወደ ፊት መጥቷል፤ እጁን ዘርግቶ፣ “እኔ ድሮም ብያለሁ! እትዬ ጁሬማን የሚያክል የለም ብያለሁ!” ይላል።

አልፈዋለሁ።

ለኦስኒ አቀርባለሁ፤ ይስማል። ባቄላ የቀቀሉት ሴቶች፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ አንድ በአንድ ይስማሉ። ታይናራ ስማ ቀና ስትል፣ “የዛሬ ዓመትም አንቺ ነሽ” ትለኛለች፤ “ዝም በይ፣ ሰኞ ልምምድ አለሽ” እላታለሁ። ከበሮ መቺዎቹም ይስማሉ። ዳርሲ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ በፀሐይ ይጠብቃል፤ ላቡ ወደ ኮሌታው ይወርዳል።

በመጨረሻ ፊቱ እቆማለሁ። ጨርቁን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጎንበስ እንዲል የሚበቃውን ያህል፣ ከዚያም ትንሽ አሳልፌ።

ያጎነብሳል። ይስማል።

ቀና ሲል ከላይኛው ከንፈሩ ላይ አንዲት ሰማያዊ ብልጭልጭ ተጣብቃለች። ሊቀርጹን ወደ መጡት ጋዜጠኞች ካሜራ እንደተጣበቀችበት ይሄዳል፤ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰው አንድም የሚነግረው የለም።