በጭምብል የመጣ ይቅርታ

የውጭ ወታደሮቹ ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡት በቀትር ነው፤ ያም ሆኖ ጠመንጃቸውን አልተዉም። ባለፈው ሳምንት አሸባሪ እናድናለን ብለው የዚህን ቤት በር ሰብረው ከእንቅልፉ የባነነውን ዳቦ ጋጋሪ ገደሉት። የተሳሳተ ቤት ነበር። ሰው አገር መጥቶ መሳሳት ይቀላል መሰለኝ።

መኮንኑ ሲገባ ግንባሩን ከጉበኑ ጋር አጋጨ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ አለፈ። ፊቱን እስከ ዓይኑ በጥቁር ጭምብል ሸፍኗል። እነሱ ዘንድ የሚሠሩ የአገሬው ልጆች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ የታወቀ አስተርጓሚ ዕድሜ የለውም።

የሟች እናት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የሟች አጎት ደሙ ፈልቷል።

መኮንኑ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው በሻከረ ድምፅ፣ ሹክ እንደማለት አድርጎ፣ «በስህተት ነው፣ አዝነናል ይላል» አለ።

«ጮክ በል እንጂ። ድምፅህንም ሸጥክላቸው?» አለ አጎት።

«ምን እናድርግልዎ ይላል።»

እናትየዋ የአስተርጓሚውን ጣቶች ስታይ ቆየች። «ልጄን ይመልስልኝ በለው።»

አስተርጓሚው ለመኮንኑ ሊናገር ጀመረና አቋረጠ። እንደገና ጀመረ።

«አየሽው? ቤቱን ጠቁሞ ያመጣቸው ይሄ ነው» አለ አጎት። «ትልቁ ልጅሽ ለሥራ ርቆ ባይሄድ ኖሮ ዛሬ አንገቱን ይቀነጥስልሽ ነበር።»



አጎት ብድግ አለ። «አውልቀው። ሰፈሩ ማንነትህን ይወቅ።» እጁን ወደ ጭምብሉ ሰደደ። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ጠመንጃውን አቀባበለ። ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤት ድንጋይ ይዟል። ያ ፊት አንዴ ከታየ፣ ልጁ ዛሬ ባይሞት ነገ እንደሚሞት የማያውቅ አልነበረም።

እናትየዋ መሀል ገባች። «ተወው። የሱን ፊት እዚህ ቤት ማየት አልፈልግም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የልጅሽ ደም እኮ ነው።»

«ተወው አልኩህ።»

ራሷ የአስተርጓሚውን ኮሌታ ጨምድዳ እየጎተተች አወጣችው። «ያጠባህ ጡት ይድረቅ» እያለች መንገዱን ሙሉ ረገመችው። ድንጋይ የያዙት እሷን እንዳይመቱ ፈርተው እጃቸውን አወረዱ። አጎት ከኋላ ሆኖ ይሳደባል። መኮንኑ ግንባሩን እያሻሸ ቀድሞ መኪናው ውስጥ ገባ።

መኪናው በር ላይ ሲደርሱ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ወንድምህን ቀብሬያለሁ» አለችው፤ «አንተንም እንዳልቀብር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።»