ከቀዩ ጨርቅ በታች

የአፈር ግድቡን በገዛ እጁ ሠርቶ ሃያ ሁለት ክረምት ያሻገረው ሰውዬ ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀረ። ሰው ሲወድቅ ከዛፍ ይወድቃል፣ ከፈረስ ይወድቃል፤ እሱ ከገዛ ደጁ ደረጃ ወደቀ። ደግነቱ አልጋው ከመስኮቱ ትይዩ ነው። ተኝቶ ኩሬውን ያያል።

ከግድቡ ጠርዝ አጠገብ ውሃው ውስጥ አንድ ዘንግ ቆሟል፤ ዘንጉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ውሃው ጨርቁን ከነካ የማፍሰሻው በር ይከፈታል፣ ከግድቡ በታች ካለው ቤትም ሰው ይወጣል። እዚያ ቤት ሴት ልጁ አለች፤ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው።

በሩን የሚያዞረው የብረት እጀታ ፍራሹ ሥር ነው። ጎኑን ይወጋዋል እንጂ ለማንም አይሰጥም፤ በተለይ ለሚስቱ ወንድም። የእሱ ዘፈን አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ነው፤ ኩሬው ይድረቅና መሬቱ ይታረስ።

ሐኪሙ ሚስቱን በር ላይ አቁሞ «ልቡ አይችልም፣ እንዳይደነግጥ» ሲላት ሰምቷል። ስቆ ተወው።

ዝናቡ ስድስት ቀን አላባራም። ሚስቱ በየጠዋቱ እሱ ሳይነቃ ዶሮዎቿን ልታይ ትወጣና የቀሚሷ ጫፍ እየተንጠባጠበ ትመለሳለች። እሱ ዐይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ጨርቁን ነው። በሁለተኛው ቀን ውሃው ሊነካው አንድ ክንድ ይቀረዋል። በአራተኛውም አንድ ክንድ። ዘንጉ ያጠረ መሰለውና «ዳሌዬ አንሶ ዐይኔም ከዳኝ» አለ። ሚስቱ ትራሱን አስተካከለችለት።

በስድስተኛው ቀን የሚስቱ ወንድም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ገባ።

«ጋሼ፣ እጀታውን ይስጡኝ። የትርፍ ውሃ መውጫውን ግንድ ደፍኖታል፤ ብቻዬን ብታገል አልነቃነቅ አለኝ። ውሃው የግድቡ አናት ሊደርስ ነው።»

«የተሰበረው ዳሌዬ ነው እንጂ ዐይኔ አልጠፋም። ያውልህ ጨርቁ። በእጄ ያሰርኩት ነው፤ ገና አንድ ክንድ ይቀረዋል።»

«ስለ ጨርቅ አላውቅም። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው።»

«አንተ የምታየው እርሻህን ነው። ኩሬውን አፍስሼ በጋውን በምን ልሻገር?»

ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ኩሬው ይቅር። ልጅቷን ግን ውጪ ብላት “አባዬ ካላለኝ ጨቅላ ይዤ ዝናብ ውስጥ አልገባም” አለችኝ። አንድ ቃል ይላኩባት።»

«ንገራት። አባትሽ እያየልሽ ነው፣ ተኚ በላት።»

ወንድምየው እህቱን አየ። እህቱ መሬት መሬቱን ታያለች። እጁን አጨብጭቦ ባዶውን ወጣ።

«አየሽልኝ ወንድምሽን?» አለ ሰውዬው። «በድንጋጤ ሊገድለኝ ነው የመጣው።»

ዞሮ ሲያያት የረጠበ እጅጌዋን ጨምቃ ይዛለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ዘንጉ አልቆብኛል» አለችው። «ጨርቁን ከዚህ በላይ ከፍ ላደርግልህ አልችልም።»