ሃያ ሁለተኛው ዙር

ትክል ድንጋይ ከተማ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስለዚህ አስናቀውና ሚስቱ እናኑ የልጃቸውን ሩጫ ለማየት ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በነሐሴ ጭቃ ጎንደር ገቡ።

የአስናቀው የወንድም ልጅ የሻው አራዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ሰቅሏል። ልጃቸው ሰርካለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ በዓለም ሻምፒዮና የአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ የምትሮጠው ያን ቀን ነበር። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሱቁ በጎረቤት ታጭቆ መቀስ ማስቀመጫ እንኳ ጠፋ።

አስናቀው ሩጫው ሳይጀመር ነው የተናደደው።

«ምነው አያ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለው የሻው። አልገባ ያለውን ክር ምላሱ ላይ እያረጠበ መርፌውን ወደ ብርሃን አቅንቷል።

አስናቀው መርፌውን ተቀበለው፤ በአንድ ጊዜ ክሩን አሾለከና መለሰለት። «ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው ያናደዱኝ። ልጂቱ የምትሮጥ በፍልሰታ ነው፣ ጾሙን ይፍቱላት ብዬ በሐምሌ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹ራሷ ትደውልልኝ› ብለው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ጭጭ።»

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ እዚያው ጎንደር የሚያገለግሉ የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው። ለታመመና ለደከመ ጾም መፍታትም መከልከልም የሳቸው ሥልጣን ነው።

«ፈተውላት ይሆናላ» አለ የሻው።

«ቢፈቱላት አይነግሩኝም?»

እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሯጮቹ መስመሩ ላይ ተሰለፉ። በዚያች ቴሌቪዥን ላይ የምስር ፍሬ ያክላሉ። የፊተኞቹ ሰርካለም የትኛዋ ናት እያሉ ሲጨቃጨቁ አስናቀው ከበሩ አጠገብ ሆኖ «ከግራ አራተኛዋ፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረችዋ» አለ። ዓምና ቢሆን እሱም ጠያቂ ነበር፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሁለት ዓመት ሙሉ በዱላ ተመርቷል። ሐኪም ከገፈፈለት ወዲህ ግን በሰፈሩ የማንም ጉድፍ አያመልጠውም እየተባለ ይታማል።

ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ፊቱን እየተቀባበሉ መሩ። አሥራ አምስተኛው ዙር ላይ ሰርካለም ብቻዋን ወጣች። ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ።

«ሸጋ አድርጋ ነው የምትሮጥ» አለ አንድ ጎረቤት።

«ገና ምን አይተህ» አለ አስናቀው። ለአፍታ ንዴቱን ረስቶት ነበር።

ሃያ ሁለተኛው ዙር ላይ እግሯ ከዳት። አንዷ አለፈቻት፤ ሌላዋ አለፈቻት፤ ከዚያ የሚቆጥርም ጠፋ። የቡድን ጓደኞቿ ዞር ብለው አዩዋትና ጥለዋት ሄዱ፤ ምን ያድርጉ። አሥራ አራተኛ ሆና ገባችና መሬት ላይ ተዘረጋች።

«ይህን ከማይ ዓይኔ በጠፋ» አለ አስናቀው።

እናኑ ብድግ ብላ አፉን በእጇ ያዘችው። «እንዲህ አትበል። እባክህ፣ ይችን ብቻ አትበል።» እናት ናት፣ ደንግጣ ነው ብሎ ሁሉም አለፈው።

ጋዜጠኛ ለሰርካለም ማይክ አቀረበላት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጾም ላይ ነኝ» አለች። «ዛሬ ውኃም አልቀመስሁ።»

አሠልጣኟ ከጎኗ ቆሞ ነበር። «አሥራ ሦስት ቀን ለመንናት፤ ከእንግዲህ ግን አንለምንም» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ሁለተኛ እንደማትመረጥ ሱቅ ውስጥ ላለው ሁሉ ገባው። ትክል ድንጋይ ዳገት ላይ የተጀመረ የሰባት ዓመት ልፋት በአንድ ቀን ገደል ገባ።

«ነገርኋችሁ» አለ አስናቀው፤ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። የሻውና ጎረቤቶቹም ተከተሉት። በባዶ ሆድ ሃያ አምስት ዙር የሚያስሮጥ ቄስ ምን ዓይነት ቄስ ነው እያሉ መንገዱን ሁሉ ሲንጨረጨሩ ሄዱ። እናኑ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ቅዳሴ ወጥቷል። ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆመው ሕዝቡን ያሳልማሉ። አስናቀውን ሲያዩ መስቀሉን ዘረጉለት። አልተሳለመም።

«ልጄን ገደልሃት» አለ። አንቱ ማለት ቀረ። «አስርበህ አስርበህ ዓለም ፊት ጣልሃት። ‹ብዪ› ማለት ምላስህን ያቆስለዋል?»

አሮጊቶቹ አማተቡ። ቄሱ እናኑን አዩ፤ አንገቷን ደፋች።

«ጥፋቱ የኔ ይሁን፣ ልጄ» አሉ።

«ያንተማ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የነፍስ አባቴ አይደለህም። ደጄን እንዳትረግጥ። ስሞትም እንዳትፈታኝ።»

ቄሱ የዘረጉትን መስቀል አልሰበሰቡም።

እናኑ የባሏን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች። «ተው» አለች። «ተው ስልህ። ገና በሐምሌ ፈተውላታል። እሷ ናት እምቢ ያለች። እንዳንነግርህም እኔንም እሳቸውንም አስምላናለች።»

«ምነው? ስለ ምን?»

«አንተ በዱላ ስትመራ ለእመቤታችን ተስላ ነዋ፤ ‹ያባቴን ዓይን አብሪልኝ እንጂ፣ በሕይወት እስካለሁ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም› ብላ።»