የአንድ ሰዓት ደንብ

«ከእማዋይሽ ይጀመር፤» አልሁ። «ደንቡ በዕድሜ የሚያንስ ይቅደም ይላል።»

የሩዝ መፈልፈያው ቆሟል። የማኅበራችን ሠራተኞች በጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበራቸው ስሆን ይህን ደንብ ከቅኔ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፦ በየረቡዑ አንድ ሰው አዲስ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሐሳቡ በአንድ ኩንታል ለሁለት ሳምንት ይፈተናል፤ ከዚያም በሁሉ ፊት ይጸናል ወይም ይወድቃል። የወደቀበት ሰው፣ ቅኔው እንዳልሰመረለት ተማሪ፣ የወደቀውን ነገር በእጁ ይዞ ከአጥሩ ውጭ ባለው ዋርካ ሥር አንድ ሰዓት ብቻውን ያስባል።

ዛሬ የሚፈረድበት የእኔው ሐሳብ ነው፤ ሩዙ እንዳይሰባበር ከመፈልፈሉ በፊት ቀቅሎ ማድረቅ።

ሩዙን ለገዢዎች የምታደርሰው እማዋይሽ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። «መሪጌታ፣ ስብርባሪው እውነትም ቀንሷል። ግን ሩዙ ቢጫ ሆነ። እንጀራ ጋጋሪዎቹ ‹ነጩን አምጪልን› ብለው ሁሉም መለሱት።»

«አንድ ሳምንት ይጨመር።» መቀመጥ አልቻልሁም፤ በጆንያዎቹ መካከል ተመላለስሁ። «ውኃው በዝቶበት ይሆናል።»

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ለምኜ ነበር።»

«ምን አልሁህ?»

«‹ዋርካው ይጠብቅሃል› አሉኝ። ዝናብ ነበር እኮ መሪጌታ። ጃንጥላ እንኳ አልሰጡኝም።»

ጆንያ ተሸካሚው አንለይ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ሌሎቹ እኔን አዩ። አጥብቄ ብጠይቅ ሳምንቱን አይከለክሉኝም፤ ከዚያ ወዲያ ግን የረቡዑን ጉባኤ ማንም አያምነውም።

«ወድቋል፤» አልሁ።

እማዋይሽ ከቢጫው ሩዝ አንድ እፍኝ ዘግና በመዳፌ ጨመረችልኝ። «ጃንጥላዎን ይያዙ፤ ሰማዩ ጠቁሯል።»

ጃንጥላውን በታደለ ጉልበት ላይ አኑሬ ወጣሁ።

ዋርካውን ሦስት ጊዜ ዞርሁት። በእፍኜ ያሉትን የሩዝ ፍሬዎች በጣቴ ለየሁ፤ የተሰበሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ጋጋሪዎቹ ሩዙን አስፈጭተው ነው የሚያቦኩት፤ ቢሰበር ባይሰበር ምን ገዷቸው? እኛስ ስለ ምን እነርሱን ብቻ ጠየቅን? ከመንገዱ ማዶ፣ የጎንደር አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙበት ምግብ ቤት ጓሮ፣ ሩዝ ሳይፈጭ እንዳለ የሚቀቀልበት ትልቅ ድስት ይጨሳል።

ወደ መፈልፈያው አምስት እርምጃ ሮጥ አልሁና ቆምሁ። ሰዓቴን አየሁ። ገና ዐርባ ደቂቃ ይቀራል።

ዝናቡ ጀመረ። እፍኜን ጨብጬ ተመለስሁ፤ ዋርካውን እንደ ገና መዞር ያዝሁ።