ከጋቢው ሥር

በረኛው ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ወጌሻው የተሰበረውን የእጁን አንጓ በሸምበቆ አስሮ ኳስ እንዳይነካ አስጠንቅቆታል። እሱ ግን ለማንም አልተነፈሰም። ነገ ከኮን ከተማ ልጆች ጋር ለወረዳዎች ዋንጫ ይጋጠማሉ፤ ሌላ በረኛ የላቸውም። ደጋፊዎቹ ይህን ቢያውቁ ሜዳ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

«አጥቂያችን እንደሆን የቤቱን በርም ይስታል» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ይታገሱ፣ ከደጋፊዎቹ ሁሉ የሚብሰው።

«አምና አምስት አግብተውብናል» አለ ሌላው።

«አምና እሱ መች ነበር? እሱ ካለ ባዶ ለባዶ እንወጣለን። በፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ እግዜር ያውቃል።» ይታገሱ ይህን ብሎ የበረኛውን ግራ ትከሻ መታ መታ አደረገው። ሕመሙ ክንዱን ሰቅዞ ያዘው፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

በዚህ መሀል ከአሸተን ማርያም የወረዱ አንድ መነኩሴ በአጠገባቸው ሲያልፉ ሁሉም ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ መስቀል ተሳለሙ። በረኛው ተራው ሲደርስ አመነታ። ተከናንቦ መሳለም ግን አልሆነለትም፤ ጋቢውን ለቀቀው።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አሉ መነኩሴው፣ መስቀላቸውን ሸምበቆው ላይ አሳርፈው። መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

የሁሉም ዓይን የታሰረው እጁ ላይ አረፈ። ይታገሱ ጋቢውን ከመሬት አንሥቶ አራገፈና እጁ እስኪሸፈን ድረስ መልሶ አለበሰው።

«ነገ ዝናብ ከጣለ እኮ ጨዋታው ይቀራል» አለ ቀስ ብሎ።

«ይጥላል» አሉ ሌሎቹም። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።